ሐሙስ ከሰዓት ከማን ጋር ነበርሽ?

መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ግቢያችን ውስጥ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ከቆርቆሮው አጥር በላይ አንድ እግር ብቅ አለ፤ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሰውየው ከነአቧራው የሳሙና ውሃዬ አጠገብ ዘፍ አለ። ደረቱ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ያቀፈው ነገር ነበር፤ ከወገቡ የተቆረጠ የነዳጅ በርሜል።

ልጮህ አፌን ስከፍት በዓይኑ ለመነኝ።

«እህቴ፣ በእናትሽ... ድምፅ አታሰሚ! ፖሊሶች ከኋላዬ ናቸው።»

«ምን ሰርቀህ ነው?»

«ምንም አልሰረቅኩም። ከበሮ እየመታሁ ነበር።»

«የቱ ነው ከበሮው? ይሄ በርሜል ነው።»

«ላንቺ በርሜል ነው» አለ እያለከለከ።

የዓለም ጦርነቱ ካለቀ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አሜሪካኖቹ ከወደቡ የጦር ሰፈራቸው እየለቀቁ ሲሄዱ የጣሏቸውን በርሜሎች ከከተማው በላይ ያለው የኮረብታ ሰፈር ልጆች እየቀጠቀጡ ዜማ ያወጡባቸው ጀመር። በዓመት አንዴ ከሚመጣው የካርኒቫል ጭፈራ ሁለት ቀን ውጪ ግን መንገድ ላይ መምታት ያሳስራል።

«የማን ቤት እንደገባህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«የሳጅን ፕሬስኮድ ቤት ነው። እኔ ልጃቸው ነኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። በደሴታችን ዋና ከተማ፣ በፖርት ኦፍ ስፔን፣ ከበሮ የሚመታ ሁሉ የአባቴን ስም ሲሰማ ይበረግጋል። እኔም ብሆን እፈራቸዋለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ብቻችንን ነው የኖርነው፤ የቦት ጫማቸው ኮቴ በር ላይ ሲሰማ ሳላጠፋ የጥፋተኝነት ስሜት ይሰማኛል።

ያንን ኮቴ በዚያች ቅጽበት ሰማሁት። የግቢው በር ተበረገደ።

ለምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። በሁለት እጄ ገፍትሬ ከአንሶላው ጀርባ ከተትኩት።

«ላሊ! ሰው አላየሽም?» አሉ አባቴ። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል።

«አላየሁም አባባ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋቸው። አባቴ ቧንቧውን ከፍተው ቀስ ብለው ውሃ ጠጡ። ነፋሱ አንሶላውን ከፍ ባደረገው ቁጥር የእግሩ ጣቶች ይታዩኛል። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አባቴ አፋቸውን ጠርገው፣ ቆባቸውን አስተካክለው ወጡ።

«ስሜ አንሲል ነው» አለ ከአንሶላው ጀርባ። «አንሲል ጊተንስ።»

«ስምህን ማን ጠየቀህ? ውጣልኝ!»

«ከበሮዬን ይዤ ብወጣ ይይዙኛል። እዚህ ላስቀምጠው?»

«አብደሃል እንዴ?!»

ሳልጨርስ አጥሩን ዘሎ ጠፋ። ከበሮው ግን የከሰሉ ጆንያ ጀርባ ተጎልቶ ቀረ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

* * *

በዚያ ጊዜ በከተማው ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ እሠራ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ የሚቆሙት ቀያዮቹ ብቻ ነበሩ። እኔን የመሰለች ጥቁር ልጅ መጥረጊያ ይዛ ካልሆነ አትገባም። ጦርነቱ መጣ፣ ወንዱም ሴቱም ከአሜሪካኖቹ ዘንድ ደህና ደሞዝ ቀመሰ፣ አገሬው ሁሉ ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ፤ ባለሱቆቹም እያቅማሙ እኛን መቅጠር ጀመሩ። በዚያ መደብር የመጀመሪያዋ ጥቁር ሻጭ እኔ ነበርኩ። አባቴ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለሰዉ ሁሉ ይናገሩት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አንሲል የምሠራበትን አጠያይቆ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ፊቴ ተገተረ። አለቃችን የሆኑት ሴትዮ አምስት እርምጃ ርቀው በመነጽራቸው አናት ያዩናል።

«ምን ልታዘዝ ጌታዬ?»

«ከበሮ አለ?»

«ዝም በል!... ሪባን ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ሪባን። ሰማያዊ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ ከሰዓት ሱቅ ትዘጋላችሁ አይደል? የአትክልት ስፍራው ውስጥ፣ ከኩሬው በላይ እጠብቅሻለሁ።»

«አልመጣም።»

«ከበሮዬን ታመጪልኛለሽ እንጂ ለኔ ብለሽ ነው እንዴ የምትመጪው?» ብሎ ፈገግ አለ።

ጥርሱ! ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሪባኑን ስቆርጥ ጣቴን ቆረጥኩት።

ሐሙስ ከበሮውን በልብስ ቅርጫት ውስጥ ከፎጣ በታች ቀብሬ፣ በራሴ ላይ ተሸክሜ፣ በከተማው መሃል፣ በፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ አለፍኩ። አንድ ወጣት ፖሊስ «ላግዝሽ እመቤት?» ሲለኝ ክው አልኩ። «ቀላል ነው፣ አመሰግናለሁ» አልኩት፤ አንገቴ ሊቀነጠስ ደርሶ።

ኩሬው ጋ ስደርስ አንሲል ከዛፉ ሥር ብድግ አለ። ከበሮውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ጫፋቸው በጎማ የተጠቀለለ ሁለት አጫጭር ዱላዎች ከኪሱ አወጣ፣ ቀስ አድርጎም መታ። እናቴ ሳህን እያጠበች የምታዜመው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነበር።

እንባዬ ሳላስበው ወረደ።

«ይሄን በርሜል ማነው እንዲህ ያስተማረው?» አልኩት።

«አሜሪካኖቹ ነዳጅ ሞልተው አመጡት፤ ባዶውን ጥለው ሄዱ። እኛ በመዶሻ ጠየቅነው፣ እሱም መለሰልን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሙስ የኛ ቀን ሆነ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ። ፍቅር ደስታ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን አብዛኛው ፍርሃት ነበር። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እበረግጋለሁ። የፖሊስ ፊሽካ ከሩቅ ሲሰማ እጄን ከእጁ እነጥቃለሁ። ዣንጥላ የያዘች ሴት ሁሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ትመስለኛለች።

«ለምንድነው ሁሌ ወደ ኋላ የምታዪው?» አለኝ አንድ ቀን።

«አባቴ ቢያዩኝ ይገድሉኛል።»

«አንቺንስ አይገድሉም። እኔን ነው።»

«እሱ አይደል እንዴ የሚያስፈራኝ?!»

ጣቶቼን ያዘ። «ላሊ፣ አገባሻለሁ።»

«በምን ድፍረትህ?»

«ድፍረትማ የለኝም። እየፈራሁ ነው የማገባሽ።»

ቤት ስመለስ ደግሞ አባቴ እራት ላይ ያንኑ ይደጋግማሉ።

«ይሄ ጦርነት ሁሉን ነገር ገለባብጦ ሄደ። ሴቱ ሱሪ ለበሰ፣ ዱርዬው በርሜል ደብዳቢ ሆኖ ሙዚቀኛ ነኝ አለ። በገጀራ ይተራረዳሉ! አንቺ ግን ስምሽን ጠብቂ ልጄ። እኛን የመሰለ ሰው የሚወጣበት መሰላል አንድ ነው፤ ከወደቀ ሁለተኛ አይሰጡትም።»

ሐሰት አልተናገሩም። የከበሮ ቡድኖቹ በሰፈር ተከፋፍለው በምላጭና በገጀራ ይጣሉ ነበር። አንሲል ጠብ ሲነሳ ከበሮውን አቅፎ የሚሮጥ ሰው እንደሆነ ግን ለአባቴ እንዴት ልንገራቸው?

* * *

የፈራሁት የመጣው በአንድ የግንቦት ሐሙስ ነው።

ከሰዓት በኋላ እኔና አንሲል ኩሬው ጋ ተቀምጠን የተጠበሰ ቂጣ በጨው ዓሣ እየበላን ነበር። በዚያችው ሰዓት፣ ከተማው ማዶ በደረቁ ወንዝ ድልድይ ላይ ሁለት ቡድኖች ተጣሉ። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትከሻው በገጀራ ተሰነጠቀ።

ማታ አባቴ በረንዳ ላይ ለአንድ ፖሊስ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«ሁለት ምስክር አለ። የመታው ያ ጊተንስ የሚሉት ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢያቸውን እንገለብጠዋለን።»

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ።

«ምን ሆነሽ?» አሉኝ በመስኮት።

«አዳለጠኝ አባባ።»

ጎህ ሲቀድ ወተት ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ኮረብታውን በሩጫ ወጣሁት። ከበሮዎቹ የሚቀመጡበት ግቢ ውስጥ ያገኘሁት የአንሲልን ጓደኛ ሮይስተንን ብቻ ነው፤ አግዳሚ ላይ ተኝቷል።

«ተነስ! ፖሊስ ሊመጣ ነው! አንሲል የት ነው?»

«እናቱ ቤት...»

«ሩጥ ንገረው! እሱን ነው የሚፈልጉት። ይሽሽ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አሁን እነግረዋለሁ» አለ ዓይኑን እያሻሸ።

አመንኩትና ተመለስኩ። ሮይስተን ግን ፍርሃት ያዘው፤ የራሱን ነፍስ ይዞ በሌላ በኩል ጠፋ። አንሲል እንደ ወትሮው ለልምምድ ወደ ግቢው መጣ። ፖሊሶቹ ሃያ ከበሮ በመጥረቢያ ሰንጥቀው ሲጨርሱ፣ የራሱን ከበሮ አልለቅም ያለውን እጁን በዱላ ሰበሩት። ከዚያ በካቴና ይዘውት ሄዱ።

ይህን የሰማሁት ከእናቱ አፍ ነው።

ሰኞ ዕለት መደብሩ ውስጥ አንዲት አጭር፣ እጃቸው በሳሙና የተላጠ እናት ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። ጥቁር ባርኔጣ አድርገዋል።

«ዩላሊ ፕሬስኮድ ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ምንም አልገዛም። ፊትሽን ልይ ብዬ ነው።» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ልጄን ሸጥሽው።»

«እኔ?!»

«ሮይስተን አይቶሻል። በጎህ መጥተሽ ከበሮ ስትቆጥሪ፣ የት ነው ብለሽ ስትጠይቂ አይቶሻል። ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ ሲሉት ልጄ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ብቻዬን ነበርኩ።› ይኸው ነው። ዋሽቶ እንደሆነ እናቱ አላጣውም። ስምሽን እንዳያነሳ ጥርሱን ነክሷል... አንቺ ደግሞ እዚህ ሐር ትለኪያለሽ።»

አለቃችን መጡና «ችግር አለ?» አሉ።

«የለም» አሉ እማማ ጊተንስ። «ዋጋው ከበደኝ።»

ወጡ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ከድታኛለች ብሎ እያመነ እንኳ ስሜን አልጠራም! የት እንደነበረ የምትመሰክርለት አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ እሷም እኔ ነኝ። ብናገር አባቴንም፣ ሥራዬንም፣ ስሜንም አጣለሁ። ዝም ብል እሱ አምስት ዓመት ይታሰራል።

* * *

በችሎቱ ዋዜማ እራት ላይ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ከጠረጴዛው በታች ደበቅኩት።

«አባባ... አንሲል ጊተንስ ያንን ልጅ አልመታውም።»

ቀና አሉ። «በምን አወቅሽ?»

«በዚያ ሰዓት ከእኔ ጋር ነበር።»

የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ይሰማኛል። አባቴ አልተቆጡም። ቀበቶአቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መመታቴ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ስንት ጊዜ?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ ወር... በየሐሙሱ።»

ዓይኔን ስገልጥ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ቀበቶውን የፈቱት ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

«ነገ ፍርድ ቤት ከረገጥሽ ወደዚህ ቤት አትመለሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሰምተሻል? ሃያ ስድስት ዓመት ነው... ሃያ ስድስት ዓመት ቦት ጫማዬን ያበራሁት ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ታዲያ አትሂጂ።»

ተነስቼ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች፣ የኮረብታው ሰዎች፣ ከኋላ ደግሞ አለቃዬ ከነመነጽራቸው። አንሲል እጁ በጨርቅ ታስሮ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። ያ ከዱላ በላይ መታኝ።

የቆሰለው ልጅ «ፊቱን በደንብ አላየሁም» አለ። ሁለቱ ምስክሮች ግን «እሱ ነው» አሉ። ዳኛው «ለተከሳሹ የሚናገር አለ?» ሲሉ እግሮቼ እንዴት እንዳነሱኝ አላውቅም።

«እኔ አለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንሲል «ላሊ፣ ተይ!» ብሎ ጮኸ። ፖሊሱ ትከሻውን ይዞ አረጋጋው።

«ሐሙስ ከሰዓት ከማን ጋር ነበርሽ?» አሉ ዳኛው።

«ከ... ከእሱ ጋር።» ጥርሴ ይንገጫገጫል። «ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አትክልት ስፍራው፣ ኩሬው ጋ። አብረን... አብረን ምሳ በላን። እወደዋለሁ።»

አንዷ ሴት «ኤዲያ!» አለች። ከሳሹ መኮንን ሳቁ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህች ልጅ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ ይመልከቱ። የሐሰት ምስክር ፍርሃት ነው።»

ዳኛው ወደ ፖሊሶቹ ወንበር ዞሩ። «ሳጅን ፕሬስኮድ፣ ልጅዎ ናት። እርስዎ ቃለ መሐላ ፈጽመዋል። ትታመናለች ወይስ አትታመንም?»

አባቴ ተነሱ። ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። እኔን አላዩኝም፤ ግድግዳውን ነው ያዩት።

«ልጄ ስትዋሽ አትንቀጠቀጥም፣ ክቡር ዳኛ» አሉ። «ስትዋሽ ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው። እንዲህ የሚያደርጋት እውነት ስትናገር ነው።»

ቁጭ አሉ።

አንሲል ነፃ ወጣ።

ደረጃው ላይ ፊት ለፊት ቆምን። ሰዉ ዙሪያችንን ከቦናል።

«ከድታኛለች ብለህ አምነህ ነበር?» አልኩት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ስሜን አልጠራህም?»

የታሰረ እጁን አየ። «አባትሽን እንዴት እንደምትፈሪ በየሐሙሱ አይቻለሁ። ብትከጂኝ እንኳ... ሌላ ፍርሃት ልጨምርብሽ አልፈለግኩም።»

«በጎህ የመጣሁት ላስጠነቅቅህ ነው! ለሮይስተን ንገረው ብዬው ነበር!»

አንሲል ዞር አለ። ሮይስተን ከደረጃው ሥር ባርኔጣውን እያሻሸ ቆሞ ነበር።

«እውነቷን ነው» አለ ሮይስተን፤ ድምፁ አይሰማም። «ፈርቼ ሮጥኩ። መልእክቷ ሳይደርስህ ሲቀር ደግሞ... አፈርኩ። እሷ ላይ አላከክሁት።»

አንሲል ይመታዋል ብዬ ነበር። በደህናው እጁ ትከሻውን ገፋ አደረገውና «ሂድ ከፊቴ» አለው። እማማ ጊተንስ ግን ሰዉን ጥሰው መጡና ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

«ምሳ በልተሻል?» አሉኝ። ይቅርታቸው ይኸው ነበር።

* * *

ማታውን ቤታችን ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ልብሶቼ በካርቶን ውስጥ በረንዳው ላይ ናቸው። ቀሚሶቼ አንድ በአንድ ተተኩሰዋል። አባቴ ራሳቸው ተኩሰው፣ አጣጥፈው አስወጡኝ። መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁት፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

በማግስቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ምክንያት አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ዓመት ተጋባን። ከኔ ወገን አንድም ሰው አልመጣም። እማማ ጊተንስ ዘንድ ልብስ አጠብኩ፣ በኋላ የስፌት መኪና ተከራይቼ ሰፋሁ። የአንሲል ሁለት ጣቶች ጠማማ ሆነው ቀሩ። እንደ ድሮው መምታት ስላቃተው ከበሮ መቃኘት ጀመረ፤ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ በመዶሻ ጫፍ ያናግረዋል። ሮይስተን ሥራ ሲያጣ ብረት እንዲቆርጥ የቀጠረው እሱ ነው።

ፍርሃቴ ግን አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። በር በተንኳኳ ቁጥር ክንዱን እይዛለሁ። አባቴን መንገድ ላይ አራቴ አየኋቸው። አራቴም ማዶ ተሻገሩ።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ፤ ማንም ባላሰበው ፍጥነት። ያሳስር የነበረው ከበሮ በጋዜጣ ይወደስ ጀመር። በአራተኛው ዓመት በከተማው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት ተዘጋጀና የአንሲል ቡድን ተጋበዘ። ትልልቆቹ ሰዎች ከነሚስቶቻቸው ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ዩኒፎርም ለብሰው በር ላይ የሚጠብቁት ደግሞ... አባቴ ነበሩ። ፀጉራቸው ነጥቷል። ቡድኑ ተጫውቶ ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አባቴ አላጨበጨቡም። ሥራ ላይ ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሳልፋቸው ወንድ ልጄን ታቅፌ ነበር፤ አዩት፣ ዓይናቸውን መለሱ።

ከኮንሰርቱ ቀጥሎ ያለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አንሲል ጓሮ መዶሻ ይመታል፣ እኔ ልጁን አጥባለሁ። የግቢውን በር ማንም አላንኳኳም፤ ግን የቆመ ሰው እንዳለ ተሰማኝ። ስወጣ አባቴ ናቸው። ዩኒፎርም አልለበሱም። ያለ ዩኒፎርም ትንሽ ሰው ናቸው፤ ይህን እስከዚያን ቀን አላወቅኩም ነበር። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

ከጓሮ የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

«ውሻ አላችሁ?» አሉኝ።

«የለንም አባባ።»

«ታዲያ ምንድነው የሚያስፈራኝ?»

አንሲል ከኋላዬ መጥቶ ቆመ፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፣ እሱም ፈርቷል። አባቴ ጠማማ ጣቶቹን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሚስተር ጊተንስ» አሉ፣ «እጅህን የሰበሩት የኔ ሰዎች ናቸው። አላዘዝኩም... ግን ቆሜ ነበር።»

አንሲል መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬም ቆመዋል ሳጅን» አለ። «ይግቡና ይቀመጡ።»

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መቀርቀሪያው እምቢ አለኝ፤ አባቴ ከዚያ ወዲያ፣ እኔ ከዚህ ወዲህ አብረን ጎተትነውና ተከፈተ።